ኔትወርክ ሲጠፋ የሚያወሩ ገጾች

ሰኔ 23 ቀን 2012 ጠዋት ገርጂ ያለችው ቢሯችን ስደርስ ኢንተርኔት አልነበረም። ቢሮዋ ከቤቴ የ5 ደቂቃ የእግር መንገድ ስለሆነች ነው እንጂ ያን ቀን የሚኬድበት አልነበረም፤ መንገዱ ጭር ብሏል። በዋዜማው ማታ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ መገደሉን ሰምተን ነው ያደርነው። ስለዚህ ራውተሩን አጥፍቼ ለማብራት እንኳን አልሞከርኩም። ገብቶኛል።

ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ቨርጂኒያ ያለችው የአክስቴ ልጅ ደወለች። ሰላምታም አላስቀደመችም። «አንተ፣ ሰው እያለቀሰ እናንተ ፊኛ ትለጥፋላችሁ?» አለችኝ። የኬክ ቤቱ ፔጅ ላይ «መልካም ማክሰኞ! ዛሬ ምን እናክብር?» የሚል ፖስት ወጥቷል።

እኔ ነኝ የጻፍኩት። ግን እሑድ ማታ ነው።

ሦስት ሆነን የ9 ደንበኞችን ገጾች እናስተዳድር ነበር፦ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ያለ ኬክ ቤት፣ የልብስ ሱቅ፣ የጥርስ ክሊኒክ፣ ሌላም ሌላም። እሑድ ማታ ዴስክቶፑ ላይ ቁጭ ብለን የሳምንቱን ፖስት በሙሉ እንጭናለን፣ ለእያንዳንዱ ቀንና ሰዓት እንሰጣለን፣ ከዚያ በቃ። የጫንነው ነገር ግን እኛ ኮምፒውተር ውስጥ አይቀመጥም፤ ውጭ አገር ያለ ሰርቨር ላይ ነው። የአገሩ ኢንተርኔት ሲጠፋ ሰርቨሩ አልጠፋም። ሰዓቱ በደረሰ ቁጥር አንዱን ይለቃል። እኛ ማየትም ማስቆምም አንችልም። ኬኩን የሚገዛው የአዲስ አበባ ሰው አያየውም፤ የሚያየው ውጭ ያለው ዘመድ ብቻ ነው።

ለመሆኑ፣ እኛ በሌለንበት የሚናገርልንን ነገር እንዲህ የለመድነው መቼ ነው?

ነገሩ የተጀመረው ለሌላ ችግር ነበር። በፈረንጆቹ 2008 ኢያን ዶድስወርዝ የተባለ የለንደን ፕሮግራመር ትዊትዴክን ሠራ። ትዊተር ላይ የሚጎርፈውን ወሬ በየዓምዱ ለይቶ፣ በአንድ ስክሪን ላይ ጎን ለጎን የሚያሳይ የዴስክቶፕ መተግበሪያ ነው። በዚያው ዓመት ካናዳ፣ ቫንኩቨር ውስጥ የራያን ሆልምስ ድርጅት ሁትስዊትን አወጣ፤ እሱ በብሮውዘር የሚከፈት ሆኖ የብዙ ገጽ ሥራን አንድ ቦታ ሰበሰበ። ትዊተር ራሱ በ2011 ትዊትዴክን ገዛው። የእነሱ ጭንቀት የወሬ ብዛት ነበር። ሰው ሥራው በዛበት፣ እጁ አልደርስ አለው፣ ማሽን አገዘው።

የእኛ ጭንቀት ተቃራኒው ነው፤ ነገ ኔትወርክ ይኑር አይኑር አናውቅም።

መስከረም 2009 መጨረሻ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ለሁለት ወር ገደማ ተቋረጠ። የቢሮና የሆቴል የመስመር ኢንተርኔት ግን ይሠራ ነበር፤ ሶሻል ሚዲያው ቢዘጋም በቪፒኤን ይገባል። ስልክ በእጅህ ይዘህ ምንም የማትሠራበት፣ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ኮምፒውተር ግን የሚሠራበት ጊዜ ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት መጨረሻ ላይ ደግሞ ለብሔራዊ ፈተና ተብሎ ኢንተርኔት ተዘጋ። ሰኔ 2011 ላይ እንደገና ለፈተና፣ ከሰኔ 15ቱ ግድያዎች በኋላም ሌላ ዙር።

ገርጂ ያደገ ሰው ይህን ነገር ከውሃ ያውቀዋል። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ሌሊትም ቢሆን ተነስተህ ጀሪካኑን፣ ባልዲውን፣ ድስቱን ሳይቀር ትሞላለህ። እኛም ኔትወርክ ሲኖር ፖስት መሙላት ጀመርን። ለለንደኑ ሰው የጊዜ መቆጠቢያ የሆነው መሣሪያ ለእኛ ጀሪካን ሆነ።

ጀሪካኑ ግን በእኛ ልክ የተሠራ አልነበረም። ዊንዶውስ የሰዓት ክልል ምረጡ ሲል አዲስ አበባ የምትባል ከተማ ዝርዝሩ ውስጥ የለችም፤ ናይሮቢን ነው የምንመርጠው። ከዚያ ደግሞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እንዲወጣ የፈለግከውን 8 ብለህ ትጽፋለህ። አዲስ ልጅ ሥራ የጀመረ ሰሞን የቁርስ ማስታወቂያ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ መውጣቱ የተለመደ ነው። ይሄ ያስቃል። የሰኔ 23ቱ ግን አያስቅም።

የአክስቴን ልጅ «ወረቀት ያዢ» አልኳትና የይለፍ ቃሉን በስልክ ፊደል በፊደል ነገርኳት። ገብታ ከ40 በላይ ፖስት አንድ በአንድ ሰረዘች። ሥራ ቦታዋ ሆና፣ ከአለቃዋ ተደብቃ። ሁለቱ ግን አስቀድመው ወጥተዋል።

ኢንተርኔቱ ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ተመለሰ። የኬክ ቤቱ ባለቤት እናቴን የሚያክሉ ሴት ናቸው። ከፖስቱ ሥር የተጻፈውን ስድብ በሙሉ ቁጭ ብለው አነበቡት። ይጮሁብኛል ብዬ ስጠብቅ ቀስ ብለው «ልጄ፣ ይሄ እኮ የእኔ ስም ነው» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ማሽኑ ነው እንዳልላቸው፣ ማሽኑ ያልኩትን ነው ያደረገው።

ከዚያ በፊት በ3 ወር፣ መጋቢት 2012 ላይ፣ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 በሥራ ላይ ውሏል። አዋጁ ሐሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሲሰራጭ ቅጣቱን ያከብደዋል፤ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር። የእኛ ፊኛ ሐሰተኛ መረጃ አልነበረም። ግን ያን ጊዜ ነው የገባኝ፦ ገጹ ብዙ ሰው ካለው፣ በተኛህበትም ሰዓት አንተው ነህ የተናገርከው።

2015 ላይ ጀሪካኑም ተወሰደ። ከየካቲት 2 ጀምሮ፣ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ውዝግብ ሰሞን፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለ5 ወር ያህል ያለ ቪፒኤን አይከፈቱም ነበር። መጋቢት 22 ላይ ሁትስዊት ነፃ አገልግሎቱን አቆመ። ነሐሴ ላይ ትዊትዴክ ኤክስ ፕሮ ተብሎ ለከፋይ ብቻ ሆነ። አንዱ በር ከውስጥ፣ ሌላው ከውጭ ተዘጋ። ክፍያው በዶላር ነው፤ አብዛኞቻችን ኪስ ያለው የብር ካርድ ደግሞ ውጭ አይከፍልም።

የቀረን ቴሌግራም ዴስክቶፕ ነው። ሳይከፈል ሦስት አካውንት ይይዛል፣ መልእክት በቀጠሮ ይልካል፣ ፕሮክሲም እዚያው ውስጡ አለው። ከቦሌ እስከ አያት ያለ ሱቅ ሁሉ ቻናል የከፈተው ወዶ ብቻ አይመስለኝም።

ዛሬም ቀጠሮ እናስይዛለን፤ ሥራው ያለሱ አይሆንም። ግን ከአንድ ቀን በላይ አንጭንም። ነገ የሚወጣው ዝርዝር በወረቀት ተጽፎ በሩ ላይ ይለጠፋል፤ መብራትም ኔትወርክም ቢጠፋ ምን እያልን እንደሆነ እናውቃለን። የአክስቴ ልጅም የ9ኙም ገጽ አድሚን ናት። ደንበኞቹ ያውቃሉ፤ ኬክ ቤቷ እንኳን ስልኳን መዝግበው ይዘዋል። ደሞዝ የላትም። ለፋሲካ ሽሮና በርበሬ እንልክላታለን።