ከአማኑኤል በር ያልደረሱት

በግቢያችን አንድ ልጅ ብቻውን ሲያወራ ከታየ «ይኼስ አማኑኤል መግባት አለበት» ማለት የተለመደ ቀልድ ነው። እንስቃለን፤ ሻያችንን ጠጥተን እንለያያለን። ለመሆኑ ስሙን ለስድብ ያደረግነው ሆስፒታል ታሪኩ ምንድን ነው? ሳይደርስበት የቀረው ሕዝብ ታሪክስ የት ተጻፈ? በዚህች አጭር ጽሑፍ የምናነሣው ይህንኑ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አማኑኤል የተቋቋመው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ከነጻነት በኋላም ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሆኖ ቆየ። እስቲ እናስበው፤ አንድ የጎጃም ወይም የባሌ ገበሬ የታመመ ወንድሙን ይዞ አዲስ አበባ ለመምጣት ምን ያስፈልገው ነበር? የአውቶቡስ ገንዘብ፣ አስታማሚ፣ ማደሪያ፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ሕመሙ በሐኪም የሚታይ ነገር ነው ብሎ ማመን። ይህን ሁሉ ያሟላ ስሙ መዝገብ ላይ ሰፈረ። ያላሟላው ጸበል ሄደ፣ ዱዓ አስደረገ፣ ወይም እቤቱ ታስሮ ቀረ። መቸም እኛ የታሪክ ተማሪዎች መዝገብ እንወዳለን። መዝገብ ግን በሩ ላይ የደረሰውን እንጂ መንገድ የቀረውን አይጽፍም።

ከሆስፒታል ወጥቶ የጠየቀ ቀደም ሲልም አልጠፋም። በ1960ዎቹ በአገራችን ይሠሩ የነበሩት ሆላንዳዊው ሐኪም ሮበርት ጊል ከባልደረቦቻቸው ጋር በጊዮን (ወሊሶ) ስለሚደረገው የእምነት ፈውስ በ1968 ጽፈዋል። በ1969ም በአንዲት ትንሽ የኢትዮጵያ ከተማ ስላለው የአእምሮ ሕመም ጥናት አሳትመዋል።

ነገሩን በሰፊው ከገፉት መካከል ግን ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም በግንባር ይጠቀሳሉ። በ1997 በስዊድን አገር በኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ሥራ ርእሱ የኢትዮጵያ ገጠር የአእምሮ ጤና ነበር። የጥናቱ ቦታ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ቡታጅራ ናት። በ1999 በታተመው ሌላ ጽሑፋቸው እሳቸውና ባልደረቦቻቸው አካባቢውን የሚያውቁ 100 ሰዎችን «የአእምሮ ሕመም ምልክቱ ምንድን ነው? ሲታመሙስ ወዴት ይኬዳል?» እያሉ ጠየቁ። መልሱ ብዙ ያስተምራል። ለአካል ሕመም ሰዉ ዘመናዊውን ሕክምና ይመርጣል፤ ለአእምሮ ሕመም ግን ባህላዊውን። በምልክትነት ጎልተው የተጠቀሱትም ልፍለፋ፣ ቁጣና እንግዳ ጠባይ ነበሩ። እንግዲህ ጥግ ይዞ፣ ምግብ ትቶ፣ ዝም ብሎ የሚቀመጠውን ማን «ታሟል» ይለዋል?

ከ1998 ጀምሮ ደግሞ በዚያው በቡታጅራ ቤት ለቤት እየተዞረ ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆናቸው 68,378 ሰዎች ተጠየቁ። በከባድ የአእምሮ ሕመም ከሚሠቃዩት አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። እነዚህ ናቸው መዝገቡ የማያውቃቸው ሰዎች።

ለውጥ የለም አንልም። ከ1980ዎቹ መገባደጃ ወዲህ የአእምሮ ሕክምና ነርሶች እየሠለጠኑ ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ሆስፒታሎች ተመደቡ። በ2003 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ በስፔሻሊስትነት ማሠልጠን ጀመረ። ያን ጊዜ ድረስ ለዚህ ትምህርት ባሕር መሻገር ግድ ነበር። በ2022 የታተመ የቡታጅራ አካባቢ ጥናት ደግሞ፣ የሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ለከባድ ሕሙማን የሚሰጡት ክትትል በሆስፒታል ነርሶች ከሚሰጠው እንደማያንስ አሳይቷል። ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። ሕክምናው ወደ በሽተኛው መንደር ሊሄድ ይችላል ማለት ነው እኮ!

ይሁን እንጂ ርቀት ማለት የመንገድ ርቀት ብቻ አይደለም። ጤና ጣቢያው ከደጁ ቢሠራለትም «እብድ» መባልን የፈራ ሰው አይገባበትም። የእኛም ቀልድ ከዚሁ ውስጥ ይቆጠራል። ማታ ማታ እንቅልፍ አጥቶ የሚገላበጥ የዶርም ጓደኛችን በቀን ስንሳሳቅበት የነበረውን ስም ሰምቷል። ታዲያ ነገ ሐኪም ዘንድ ልሂድ ብሎ ለማን ይናገር? ከመካከላችን እንዲህ ያለ ሰው ሲገኝ፣ ቀልዱን ትተን «ና፣ አብረን እንሂድ» ማለት እንልመድ።