የሚነዝረው ራክ

ጠጋ በሉማ፣ የመተማን ወግ ላውጋችሁ።

መተማ ዮሐንስ ነው፣ ከሱዳኗ ገላባት ማዶ ለማዶ፤ ወሩም ሚያዝያ። ጥላ ሥር ሳይቀር ሙቀቱ 40 ዲግሪ ያልፋል። አንድ ወጣት ቴክኒሻን ከአንድ መሥሪያ ቤት ጓሮ ካለች ጠባብ ክፍል ገብቶ የኔትወርኩን ራክ ቢነካው ነዘረው። ልጁን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ ንዝረቱን ግን የሙያው ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ደወለ ለሽማግሌው ኤሌክትሪሻን። «ጋሼ፣ ስዊቹ ተበላሽቷል መሰለኝ።»

«ስዊቹ ደህና ነው። ግራውንዱን አይተኸዋል?»

ነገሩ እንዲህ ነው። በጤነኛ ስዊች ፓወር ሳፕላይ ውስጥ ረብሻ የሚያጣሩ ካፓሲተሮች አሉ፤ ከፌዙም ከኒውትራሉም ወደ ሣጥኑ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያንጠባጥባሉ። ግራውንድ ከሌለ የ220 ቮልቱ ግማሽ ያህል ሣጥኑ ላይ ይቀመጣል። ለአንድ ዕቃ እስከ 3.5 ሚሊአምፔር ፍሳሽ ይፈቀዳል፤ ይቺ ምን አላት ትላላችሁ። አሥር ዕቃ በአንድ ራክ ሲደረደር ግን ፍሳሹ ይደመራል፣ መውጫ ካጣም በነካው ሰው በኩል ይወጣል።

ጋሼ ሲደርሱ ልጁ መላ አዘጋጅቶ ጠበቃቸው። «ኒውትራሉን ከራኩ ጋር ላገናኘው?»

«እንዳታደርገው! ኒውትራሉ ከወዲያ የተበጠሰ ዕለት ፌዙ በዕቃዎቹ ውስጥ አልፎ ራኩ ላይ ይወጣል። ያን ጊዜ አይነዝርም፣ ይገድላል።»

ብሬከሩን አጥፍተው፣ በቴስተር አረጋግጠው ጀመሩ። ቀለም ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ ብሎኑ የሚያርፍበትን ቦታ እስከ ብረቱ ፋቁት። ከየዕቃው ለየብቻ ሽቦ ስበው ራኩ ውስጥ ካለው የመዳብ ባር ጋር አሰሩ። ዕቃ ሲገባ የግራውንድ ሽቦው ቀድሞ ይታሰራል፣ ሲወጣም መጨረሻ ይፈታል፤ ይህን ልጁን ሁለቴ አስደገሙት።

ከዚያ ወደ ጓሮ ወጡ። ጉዱ እዚያ ነበር።

የመተማ አፈር ጥቁር ዋልካ ነው። ክረምት ይነፋል፣ በጋ ተሰነጣጥቆ እጅ ያስገባል። እናም አፈሩ ለግራውንዱ ከተቀበረው የመዳብ ዘንግ ሸሽቶ፣ ዙሪያውን ክፍተት ሠርቷል። ዘንጉ ቆሟል፤ መሬቱን ግን እምብዛም አይነካም። የግራውንዱ ሬዚስታንስ የተለካው በነሐሴ ነው፣ አፈሩ ጠግቦ ሳለ፤ መዝገቡ ላይም ከ5 ኦም በታች ተብሎ ተጽፏል። ጋሼ መለኪያቸውን ሲያገናኙት ቁጥሩ ብዙ እጥፍ ሆኖ ወጣ።

ልጁ ውሃ ሊያፈስበት ባልዲ አነሣ። በዚያ ፀሐይ ስንት ቀን ይቆያል? ጨው መጨመርም አይረባም፤ መዳቡን ይበላል፣ ዝናብም ያጥበዋል። የሚበጀው በበጋ እርጥበት እስከማይጠፋበት ጥልቀት መውረድ ነው። ሌሎች ዘንጎችም ቢያንስ በርዝመታቸው ልክ ተራርቀው ይቀበሩና ከመጀመሪያው ጋር፣ ከሕንፃውም ግራውንድ ጋር ይያያዛሉ። ለራኩ ብቻ የተነጠለ ግራውንድ «ንጹሕ ነው» የሚሉ አሉ፤ እኔ አልሰማቸውም። መብረቅ አጠገብ ሲወርድ በሁለቱ ግራውንዶች መካከል የሚፈጠረው የቮልቴጅ ልዩነት መንገድ የሚያገኘው በዕቃዎቹ ውስጥ ነው።

ሁለት ዘንግ ጨመሩ፤ ቁጥሩ ወረደ፣ ግን አልበቃም። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ወጪው ከበዳቸው መሰል፣ «ክረምቱ ይግባና ይለካ፤ ያኔ ያምራል» አሉ።

ጋሼ ቅጹን ሳይፈርሙ መለሱላቸው። «የመጀመሪያው ነጎድጓድ በግንቦት ሲመጣ አፈሩ ገና አልጠገበም፤ ያኔ ለማን ነው የሚያምረው?»

ሦስተኛው ተጨማሪ ዘንግ በማግሥቱ ተገዛ።