የአያቴ ዳዊት

አያቴ «እንዴት አደሩ?» ሲባሉ መልሳቸው ምንጊዜም «እግዚአብሔር ይመስገን» ነበር። ልጃቸውን በቀበሩ ማግስትም ይኸንኑ ሲሉ ሰምቼ «ልማድ ነው ወይስ እምነት?» ስል ራሴን ጠየቅሁ።

መልሱን ያገኘሁት ከዳዊታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1513 ዮሐንስ ፖትከን ሮማ ላይ ያሳተመው፣ በግዕዝ የመጀመሪያው የኅትመት መጽሐፍ መዝሙረ ዳዊት ነበር። በአገራችን ግን ከዚያ አስቀድሞ በብራና እየተጻፈ ኖሯል። ሕፃናት ንባብ ያጠኑበታል፤ ምእመናን 150ውን መዝሙር በዕለታት ከፍለው ይደግሙታል፤ ለሞተ ሰውም ይደገማል።

ሲገልጡት ምስጋናውና ለቅሶው ጎን ለጎን ነው። አምላኩን የሚያወድሰው አፍ እዚያው ይጮኻል፤ ይሟገታል። አያቴም ሐዘናቸውን አልደበቁም፤ እንባቸው እየወረደ አመሰገኑ። ለካ ምስጋና የደላው ሰው ቃል ብቻ አይደለም!