የታይቺ የመምህራን ሐረግ ምን ያህል ይታመናል? ከሄናን መንደር እስከ ሚኒሶታ

በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት፣ የሚሲሲፒ ወንዝ በሚያልፍባቸው መንትዮቹ ከተሞች በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል፣ የቻይናን ነባር የፍልሚያ ጥበብ መማር የሚሻ ሰው አስተማሪ አያጣም። አስቸጋሪው ነገር መምረጡ ነው። እንዲህ ባሉ ማሠልጠኛዎች በሕይወት የሌሉ መምህራንን ፎቶግራፍ በተርታ መስቀል የተለመደ ነው። መልእክቱም ግልጽ ነው፤ የእኛ ትምህርት ከእገሌ፣ የእገሌም ከእገሌ እየተወራረደ እዚህ ደርሷል የሚል ነው።

ይህ አስተሳሰብ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤትም አንድ ሰው ከየትኛው መምህር እግር ሥር እንደተማረ መጠየቅ የቆየ ልማድ ነው። የዋድላ፣ የጎንጅና የዋሸራ የቅኔ ስልቶችም የሚታወቁት በመምህራን ተዋረድ ነው። ይሁን እንጂ በማርሻል አርት ዓለም ሐረጉ ገንዘብም ያስገኛል። ተማሪው ወርኃዊ ክፍያውን ብቻ ሳይሆን የብዙ ዓመት ልፋቱን ጭምር የሚሰጠው የመምህሩን የዘር ቆጠራ አምኖ ነው። ይህ እምነት ምን ያህል መሠረት አለው?

በሚኒሶታ የኖሩት አዛውንት መምህር

ጥያቄውን ለመመርመር አንድ የታወቀ ምሳሌ አለ። ሊያንግ ቱንግ-ፃይ፣ በምዕራቡ ዓለም በሚታወቁበት ስማቸው ቲ ቲ ሊያንግ፣ በ1900 ቻይና ውስጥ ተወለዱ፤ በ2002ም አረፉ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በቻይና የጉምሩክ ባለሥልጣን ነበሩ። ራሳቸው እንደተረኩት፣ በአርባዎቹ ዕድሜያቸው በጠና ታመው ሐኪሞች ተስፋ ከቆረጡባቸው በኋላ ነበር ታይቺ የጀመሩት።

ሊያንግ በታይዋን የስመ ጥሩው ቼንግ ማን-ቺንግ ተማሪ ሆኑ። በ1960ዎቹ ወደ አሜሪካ ተሻግረው በቦስተን አስተማሩ፤ በ1974ም ስለ ታይቺ የጻፉት መጽሐፍ ታተመ። በ1980ዎቹ መኖሪያቸው ከሚኒያፖሊስ በስተሰሜን ምዕራብ በምትገኘው በሴንት ክላውድ ነበር። በተማሪዎቻቸውም በኩል ትምህርታቸው በመንትዮቹ ከተሞች ሥር ሰደደ።

ሐረጋቸው ወደ ኋላ ሲቆጠር ከሊያንግ ወደ ቼንግ፣ ከቼንግ ወደ ያንግ ቼንግፉ፣ ከእርሳቸውም ወደ አያታቸው ወደ ያንግ ሉቻን ይደርሳል። ያንግ ሉቻን የተማሩት በሄናን ግዛት በምትገኘው የቼን ቤተሰብ መንደር፣ ከቼን ቻንግሺንግ ዘንድ ነው።

የቅርቡ ጫፍ፦ ሰነድ ያለው ክርክር

የሐረጉ የቅርብ ክፍል በጽሑፍ ማስረጃ የተደገፈ ነው። ያንግ ቼንግፉ በ1934 ያሳተሙት መጽሐፍ የቼንግ ማን-ቺንግ መቅድም አለው። ስለዚህ ቼንግ የያንግ ተማሪ ነበሩ ወይ የሚለው ብዙ አያከራክርም።

ክርክሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ቼንግ ረጅሙን የያንግ ቅንብር ወደ 37 እንቅስቃሴዎች አሳጠሩት። ከያንግ ቤተሰብ ወግ አጥባቂ ተከታዮች መካከል ይህን አጭር ቅንብር የያንግ ስልት ብሎ ለመጥራት የማይፈቅዱ አሉ። ሊያንግ በበኩላቸው 150 እንቅስቃሴዎች ያሉትን ረጅም ቅንብር ያስተምሩ ነበር፤ ከቼንግ ሌላ በርካታ መምህራንም ነበሯቸው።

ከዚህ የምንረዳው ሁለት ጥያቄዎች በአንድ ስም ተሸፍነው እንደሚቀርቡ ነው። አንደኛው፣ ይህ ሰው በእርግጥ የዚያ መምህር ተማሪ ነበር ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ የሚያስተምረው የተማረውን ራሱን ነው ወይ የሚል ነው። ለመጀመሪያው አዎ ማለት ለሁለተኛው መልስ አይሆንም።

የሩቁ ጫፍ፦ አፈ ታሪክና ታሪክ

ሐረጉ ወደ ጥንት በራቀ ቁጥር ማስረጃው እየሳሳ ይሄዳል። በሰፊው የሚነገረው ትረካ፣ ታይቺን የፈለሰፉት በዉዳንግ ተራራ ይኖሩ የነበሩት የዳኦ መነኩሴ ዣንግ ሳንፌንግ ናቸው ይላል። ይሁንና የሚንግ ሥርወ መንግሥት ይፋዊ ታሪክ ስለ እኚሁ ሰው ሲጽፍ የፍልሚያ ጥበብን ከስማቸው ጋር አያነሳም።

የዣንግን ስም ከፍልሚያ ጋር አያይዞ የሚገኘው ቀደምት ጽሑፍ፣ ምሁሩ ሁዋንግ ዞንግሺ በ1669 ለአንድ ባለሙያ የጻፉት የመቃብር መታሰቢያ ነው። ጽሑፉ "ውስጣዊ" የተባለውን ስልት ከሻኦሊን "ውጫዊ" ስልት ያበላልጣል። ሁዋንግ ቻይናን የያዙትን ማንቹዎች በጽኑ የተቃወሙ ሰው ስለነበሩ፣ አንዳንድ የታሪክ ተመራማሪዎች ጽሑፉን እንደ ፖለቲካዊ ምሳሌ ያነቡታል። በዚያ ላይ ታይቺ የሚለው ስም በጽሑፉ ውስጥ የለም።

የታይቺን ጥንታዊ ጽሑፎች ካቆዩልን ሰዎች አንዱ ሊ ዪዩ ናቸው። እርሳቸው በ1881 በጻፉት አጭር መግቢያ፣ ጥበቡን ማን እንደጀመረው እንደማይታወቅ በግልጽ አስፍረዋል።

ጉዳዩን በዘመናዊ የታሪክ ጥናት ስልት የመረመሩት ታንግ ሃኦ (1897–1959) ነበሩ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ወደ ቼን መንደር ሄደው የቤተሰቡን መዝገብ አገላብጠዋል። ጥበቡን የጀመሩት በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩት የጦር ሰው ቼን ዋንግቲንግ ናቸው ሲሉም ደመደሙ። የጦር አዛዡ ቺ ጂጓንግ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከመዘገቧቸው 32 የፍልሚያ አቋሞች አብዛኞቹ በቼን ቅንብር ውስጥ እንደሚገኙም አሳዩ። ይህ መደምደሚያ የዉዳንግን ትረካ የሚከተሉ ወገኖችን አስቆጥቷል፤ ክርክሩም እስከ ዛሬ አልበረደም። ዩኔስኮ በታኅሣሥ 2020 ታይቺን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲያሰፍር ግን የጥበቡን መነሻ ከዚያው ከሄናን መንደርና ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጋር አያይዞታል።

ሻኦሊንም ከጥያቄ አላመለጠም። የገዳሙን የፍልሚያ ጥበብ ከሕንድ የመጡት መነኩሴ ቦዲዳርማ አስተማሩት የሚለው ትረካ የተደገፈበት መጽሐፍ፣ መቅድሙ በ7ኛው ክፍለ ዘመን እንደተጻፈ ቢናገርም ተመራማሪዎች የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው ይላሉ። በአንጻሩ የሻኦሊን መነኮሳት በ621 ለታንግ ሥርወ መንግሥት ወግነው መዋጋታቸው በ728 በቆመ የድንጋይ ጽሑፍ ላይ ተቀርጿል። የጥንቱ ትረካ ሐሰት ሆኖ መገኘቱ ጥበቡን ራሱን ሐሰት አያደርገውም።

ሐረግ የማያረጋግጣቸው ነገሮች

በሚያዝያ 2017 የድብልቅ ማርሻል አርት ተፋላሚው ሹ ሺያዶንግ፣ የታይቺ መምህር ነኝ ያሉትን ዌይ ሌይን በቼንግዱ ከተማ ገጥሞ በሴኮንዶች ውስጥ ጣላቸው። ግጥሚያው ቻይናን በክርክር ናጣት። የአንድ ሰው ሽንፈት ጥበቡን በሙሉ ዋጋ ቢስ ባያደርገውም፣ ማዕረግና ሐረግ የመፋለም ብቃት ማረጋገጫ አለመሆናቸውን ብዙዎች በዓይናቸው አይተዋል።

በሌላ በኩል፣ ዛሬ በዓለም ላይ እጅግ ከተስፋፉት ቅንብሮች አንዱ የሆነው ባለ 24 እንቅስቃሴ ታይቺ፣ በ1956 በቻይና መንግሥት የስፖርት ተቋም አማካይነት ከያንግ ስልት ተቀንብሮ የተዘጋጀ ነው። ለሁሉም እንዲዳረስ የተዘጋጀ በመሆኑ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በምስጢር የሚተላለፍ ሐረግ አያሻውም።

የጤና ጥቅሙም ቢሆን ከዘር ቆጠራ ጋር አልተያያዘም። በ2012 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት 195 የፓርኪንሰን ሕሙማንን ለ24 ሳምንታት ተከታትሏል። ታይቺ የሠሩት የሰውነት ሚዛናቸው ተሻሽሎ ተገኝቷል። የተሰጣቸውም ጥንታዊ ሙሉ ቅንብር ሳይሆን ለእነርሱ ታስቦ የተመጠነ ጥቂት እንቅስቃሴ ነበር።

ተማሪ ምን ይጠይቅ?

ለመመዝገብ የሚያስብ ሰው መምህሩን ከማን፣ የት፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደተማሩ ቢጠይቅ ነውር የለበትም። በሕይወት ያለ የመምህሩ መምህር ወይም አብሮ የተማረ ሰው ካለ፣ ቃሉ ከግድግዳ ፎቶግራፍ ይልቅ ይመዝናል። ፎቶግራፍ መገናኘትን እንጂ መማርን አያስረዳም፤ የአንድ ሳምንት ሥልጠና የተከታተለ ሰውም ከታላቅ መምህር ጋር አብሮ ሊነሣ ይችላል።

ሁለተኛው ጥያቄ ተማሪው ራሱን የሚጠይቀው ነው፦ የምፈልገው ምንድን ነው? ጤና ፈላጊ ጉልበቱን የማይጎዳ፣ በትዕግሥት የሚያርም አስተማሪ ያሻዋል። ራስን መከላከል የሚሻ ሰው ተማሪዎቹ ከማይተባበር ተጋጣሚ ጋር የሚለማመዱበትን ቤት ይፈልግ። ሐረጉ ከሁሉ የሚጠቅመው ጥበቡን እንደ ቅርስ ጠብቆ ለማቆየት ለሚሻ ሰው ነው። እርሱም ቢሆን በሰነድ የታወቀውን ከሚተረከው ለይቶ የሚነግር መምህር ቢያገኝ ይበጀዋል። ሊ ዪዩ ጀማሪውን እንደማያውቁ በጻፉ ጊዜ ያደረጉት ይህንኑ ነበር።