ጥቁር እንጨት ፈረንሳይ ደርሶ በብልቃጥ ሲመለስ

ፋሲሎ ውስጥ የማከብራቸው አንድ ጎረቤት አሉኝ። በጎልማሳነታቸው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በብስክሌት ይመላለሱ ነበር። ዛሬ ሱቅ ለመሄድም ባጃጅ ይጠራሉ፤ ሆዳቸው ቀድሟቸው ይገባል። ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ለሽንት ይነሣሉ። ባለፈው ሰሞን አንድ ብልቃጥ እንክብል አሳዩኝ፤ «ለፕሮስቴት ፍቱን ነው፣ ከውጭ የመጣ» አሉኝ። ጽሑፉን ሳነበው ሳቄ መጣ። ፕሩኑስ አፍሪካና ይላል። የእኛው ጥቁር እንጨት!

ወዳጆቼ፣ የዚህ ቅርፊት ታሪክ ሊነገር ይገባዋል። (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) የአፍሪካ ደገኞች ከጥንት ጀምሮ ለመድኃኒትነት ሲጠቀሙበት ኖረዋል። በ1966 ዣክ ደባ የተባለ ፈረንሳዊ የቅርፊቱን ጭማቂ ለፕሮስቴት ዕጢ መስፋት ሕክምና በፓተንት አስመዘገበ። ታደናን በሚል ስም አውሮፓ ውስጥ ተሸጠ። በ1972 ካሜሩን ላይ ፕላንተካም የተባለ ቅርፊት አቀነባባሪ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። መጀመሪያ ከዛፉ ግማሽ ጎን ብቻ ይላጥ ነበር። ገበያው ሲደራ ግን ዙሪያውን መላጥ፣ አልፎም ዛፉን ጥሎ መግፈፍ መጣ። በ1994 ዛፉ ንግዱ ቁጥጥር በሚደረግበት የሳይተስ ዝርዝር ውስጥ ገባ። ፋብሪካውም በ2000 ተዘጋ። ለአውሮፓ አዛውንት እንቅልፍ ሲባል የካሜሩን ተራራ ዛፍ ራቁቱን ቀረ።

ለመሆኑ ይሠራል? በ2002 የኮክሬን ተመራማሪዎች 18 ሙከራዎችን፣ በድምሩ 1,562 ወንዶችን መዝነው መጠነኛ ጥቅም አገኙ፤ የሌሊቱ መነሣት በ19 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ሙከራዎቹ ግን አጫጭርና ትንንሽ ነበሩ። ሌላው ዝነኛ ዕፅ፣ ሶው ፓልሜቶ፣ በ2006 በ225 ወንዶች ላይ ለአንድ ዓመት ተሞክሮ ከባዶ እንክብል አልተሻለም። የባሰም አለ፦ ከ35 ሺህ በላይ ወንዶች በተሳተፉበት የአሜሪካ ሙከራ ቫይታሚን ኢ የወሰዱት የፕሮስቴት ካንሰራቸው በ17 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። «ምን ይጎዳል፣ ቫይታሚን ነው» ለምንል ይኸው።

ስለ ውፍረትና ስለ እግር ግን ብልቃጡ ላይ አንድም ቃል የለም። የሆድ ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ጭነት አይደለም። የወንዱን ሆርሞን ወደ ኢስትሮጅን ይለውጣል፣ ኢንሱሊንን ከፍ ያደርጋል፣ ብግነትን ያባብሳል። ባልቲሞር ላይ ለዓመታት በተደረገ ክትትል በጣም ወፍራም የሆኑት ወንዶች ዕጢያቸው የመስፋት ዕድሉ ከሌሎቹ 3 ዕጥፍ በላይ ነበር። በ1998 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በሳምንት ከ2 እስከ 3 ሰዓት የሚራመዱ ወንዶች ለችግሩ የመጋለጥ ዕድላቸው በ25 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳየ። ክትትል እንጂ ሙከራ አይደለም፤ ቢሆንም እርምጃ ፓተንት የለውም፣ ማንም አያስተዋውቀውም። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፣ የብስክሌት ከተማ ነበረች። አባቶቻችን ስፖርት ብለው አልጋለቡም፤ ሥራ መግባት ነበረባቸው።

ጎረቤቴ ይህን ሁሉ ሰምተው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «እንግዲያ እዚሁ ካለ ለምን ከደብሩ ደን ቅርፊቱን አናስመጣም?»

ደነገጥሁ። ጥቁር እንጨት ደቡብ ጎንደር ባሉት የቤተ ክርስቲያን ደኖች ውስጥ ይገኛል፤ ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ በእነዚህ ደኖች ላይ ባደረጉት ጥናት ከተከታተሏቸው ዛፎች አንዱ ነው። ከብት በሚገባበት ቦታ ችግኙ አይበረክትም። ታዲያ ትልልቆቹን ከላጥናቸው በምን ይተካሉ? የካሜሩኑን ነገር ደገምሁላቸው። ደግሞም ሌሊት የሚያስነሣው ዕጢው ይስፋ፣ ስኳር ይሁን ወይም ካንሰር፣ እንክብል አይለይም።

«ሐኪም ዘንድ ሄጄ ደግሞ ልብስ ላወልቅ? በዚህ ዕድሜዬ?» አሉ። ይኸው ነው ጉዳዩ፤ ከዕጢው ይልቅ ነውሩ ይከብዳል። አብሬያቸው እንደምሄድ ነገርኋቸው። ቀጠሮው ማክሰኞ ነው። እስከዚያ ማታ ማታ በእግራችን ሐይቁ ዳር ደርሰን እንመለሳለን፤ ትናንት ግማሽ መንገድ ላይ ባጃጅ ሊያስቆሙ እጃቸውን አንሥተው፣ ሲያዩኝ አወረዱት።