ልኩ የማን ነው?

በአማርኛችን «ልክ» የምትባል ቃል ሁለት ሸክም ተሸክማለች። መጠንን ትናገራለች፤ ትክክለኛነትንም ትናገራለች። «የጫማህ ልክ ስንት ነው?» ብለን እንጠይቅባታለን፤ «ልክ ነህ» ብለንም እንመሰክርባታለን። «መለካት» የሚለው ግስም እንዲሁ ነው፤ ልብስ ሰፊው ሜትሩን ዘርግቶ ትከሻችንን ሲይዝ ይለካናል፤ እኛም ከመግዛታችን በፊት ልብሱን ለብሰን ስናየው እንለካዋለን። የአለባበሳችን ታሪክ በእነዚህ ሁለት ቃላት ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል። ጥያቄውም አንድ ነው፤ ልኩ የማን ነው?

ቀድሞ ልኩ የለባሹ ነበር። ሴቶች ጥጡን በእንዝርት ይፈትላሉ፤ ሸማኔው ይሠራዋል፤ ርዝመቱም በክንድ ይለካል። ክንድ ከክርን እስከ መሃል ጣት ጫፍ ነው፤ ስንዝርም የተዘረጋ መዳፍ ነው። መለኪያው ራሱ የሰው አካል ነበርና ለረጅሙና ለአጭሩ ሰው አንድ አልነበረም። ነጠላና ጋቢ ደግሞ በሰውነት ቅርጽ አይቆረጡም፤ ለወፍራሙም ለቀጭኑም፣ ለነፍሰ ጡሯም ለአራሷም ያው ጋቢ ይሆናል። የቆላው ሰው የሚያገለድመው ሽርጥም እንደዚሁ ነው። የሴቶች ቀሚስ ሰፋ ተደርጎ ይሰፋል፤ ወገቡን የሚወስነው መቀነት ነው። ሰውነት ሲከሳ መቀነቱ ይጠብቃል፤ ሲወፍር ይላላል። ልብስ ለሰው ይታዘዝ ነበር እንጂ ሰው ለልብስ አይታዘዝም ነበር።

ከዚያ መንገዱና የስፌት መኪናው መጡ። ከአስመራ ተነሥቶ በወልዲያ፣ በመርሳና በደሴ አቋርጦ አዲስ አበባ የሚገባው አውራ ጎዳና በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ለመኪና ተሠራ። ሸቀጥ በጭነት መኪና የሚጓዝበት ዘመን ሆነ። አቡጀዲዱ ከጣቃው እየተተረተረ ተሸጠ፤ በሱቆች በረንዳ ላይም ሲንጀር መኪናውን የሚረግጥ ልብስ ሰፊ ተቀመጠ። እዚህ ላይ ጨርቁ መቆረጥ ጀመረ፤ ሆኖም የሚቆረጠው ቆሞ በተለካው ሰው ልክ ነበር። አንዱ ትከሻው የዘመመ፣ ሌላው እጁ የረዘመ መሆኑን ልብስ ሰፊው በእጁ ዳስሶ ያውቃል። ለልጅ ሲሰፋ ደግሞ እንዲያድግበት ብሎ ከጫፉ እጥፋት ይተዋል። ያች እጥፋት ሰውነት እንደሚለወጥ አስቀድሞ የሚያውቅ ሙያ ምልክት ነች።

በሌላው ዓለም ግን ፋብሪካው ያላየውን ሰው ማልበስ ነበረበት፤ ስለዚህ ቁጥር ፈለገ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1939 እና በ1940 ወደ 15,000 የሚጠጉ ሴቶች ከራስ እስከ እግር ተለኩ። ከነጮች ውጭ የነበሩት ሴቶች ልኬት ግን ከመጨረሻው ስሌት እንዲወጣ ተደረገ። ከዚህ ጥናት የተነሣ የሴቶች ልብስ ደረጃ በ1958 ታተመ፤ ነገር ግን ከብዙ ሴቶች ሰውነት ጋር አልገጥም ስላለ በ1983 ተሻረ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ አምራች የራሱን ልክ ያወጣል። ስለዚህም አንዱ አገር «ኤክስ ኤል» ብሎ የሰፋው በሌላው ዘንድ «ኤል» ወይም ከዚያ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ፊደሉ አንድ ነው፤ ልኩ ግን የተለያየ ነው።

ይህ የፋብሪካ ልብስ በቦንዳ ሳልባጅ ሆኖ፣ በኋላም ከዱባይ፣ ከቱርክና ከቻይና አዲስ ሆኖ ወደ ገበያችን ሲገባ አንድ መድኃኒት ነበረን፤ «ልለካው?» ማለት። የተጻፈበት ቁጥር ምንም ቢል ፍርዱ የመስተዋቱ ነበር። ልብሱን በስልክ መስኮት ሲገዙት ግን የጠፋው ይኸው አንድ ቃል ነው። በመርሳ የምትኖር ወጣት በቴሌግራም ያየችውን ቀሚስ አዲስ አበባ ካለ ነጋዴ ታዝዛለች፤ ገንዘቡ በስልክ ይላካል፤ ዕቃው ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ተጭኖ ይመጣል። ባይሆናት የመመለሻው ወጪና ጣጣ ከባድ ነው።

ፎቶግራፉስ ምን ያሳያል? ረጅምና ቀጭን ሞዴል ያሳያል። ብዙ ጊዜም ሰፊው ልብስ በጀርባ በኩል በመርፌ ቁልፍ ተይዞ ከፊት የተለካ ይመስላል። የእኛዋ ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2003 የኤስቴ ላውደር የውበት ምርቶች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሞዴል ስትሆን ብዙዎቻችን ኮርተናል፤ የሚያኮራም ነበር። በዚያ ዓለም የቆዳው ቀለም በር ሲከፈትለት የወገቡ ስፋት ግን በቆየበት ጠባብ በር ቆሞ ቀረ። ደስ የሚለው ሊያ ራሷ በ2007 «ለምለም» የተሰኘ ድርጅት መሥርታ የኢትዮጵያ ሸማኔዎች በእጅ የሠሩትን ጨርቅ ለዓለም ገበያ ማቅረቧ ነው።

የነገሩ ክብደት ከባከነው ገንዘብ ይልቅ ሌላ ቦታ ነው። የመጣው ቀሚስ አልገባ ሲላት ወጣቷ «ልኬ አይደለም» ማለት ሲገባት በልቧ «እኔ ልክ አይደለሁም» ትላለች። ቃሉ አንድ ስለሆነ መንሸራተቱ ቀላል ነው። በእናቷ ዘመን ቢሆን መቀነቱን ታላላለች፤ በሰፊው ዘመን ቢሆን «አስፋልኝ» ትላለች። ዛሬ ግን የምትወቅሰው ሰውነቷን ነው፤ የልብሱን ልክ ያወጣው ሰው ግን እሷን አይቶ አያውቅም።

መፍትሔው አዲስ አይደለም፤ የልብስ ሰፊው ሜትር ነው። ደኅና አድርጎ የሚሆናችሁን ልብስ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ደረቱን፣ ወገቡን፣ ዳሌውን፣ የእጅጌውንና የቁመቱን ርዝመት ለኩና ጻፉት። ነጋዴውን «ኤል አለህ ወይ?» ከማለት ይልቅ «ልብሱ ተዘርግቶ ደረቱ ስንት ሳንቲ ሜትር ነው?» በሉት፤ ፎቶው የራሱ ከሆነም የለበሰችው ሴት ቁመትዋ ስንት እንደሆነና የትኛውን ቁጥር እንደለበሰች ጠይቁት። ለክቶ የሚመልስ ነጋዴ በሩቅ ሆኖ የበረንዳውን ሰፊ ሥራ ሠራ ማለት ነው። መልስ የማይሰጠውን ግን ፎቶው ስላማረ ብቻ አትመኑት።

ያልገባ ልብስ ይሰፋል፣ ይጠባል፣ ለሌላም ይሰጣል። የለባሹ አካል ግን ድሮ ክንድና ስንዝር የወጡበት ነው፤ ዛሬም ልኩ እሱ ነው።