የጃንሜዳ ዕጣ ፈንታ፦ ስለ አንድ ነባር የጨዋታ ስፍራ

የአንድ ከተማ ታሪክ በቤተ መንግሥቶቹ፣ በአብያተ ክርስቲያናቱና በመስጊዶቹ፣ በገበያዎቹና በፋብሪካዎቹ ብቻ የሚጻፍ አይደለም። ሕዝቡ ከሥራ አርፎ የሚሰበሰብባቸው፣ ልጆች የሚሯሯጡባቸው፣ ጎበዛዝት ጉልበታቸውንና ብልሃታቸውን የሚፈታተኑባቸው ሜዳዎችም የዚያ ታሪክ ገጾች ናቸው። ይሁንና ሕንፃ ሲፈርስ ፍርስራሹ ይታያል፤ ሜዳ ሲጠፋ ግን በቦታው ሌላ ነገር ስለሚቆም፣ የጠፋ ነገር መኖሩን የሚያስተውል ሰው ጥቂት ነው። የአዲስ አበባ ነባር የጨዋታ ስፍራ የሆነው የጃንሜዳ ጉዳይ በዚህ ጽሑፍ የሚነሣው በዚህ ምክንያት ነው።

ሜዳ እንዴት ወደ ሌላ ነገር እንደሚለወጥ ለመረዳት የከተማችንን ምሥራቃዊ ክፍል መመልከት ይበቃል። ቦሌ ራሱ ሜዳ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 720 የተባሉትን የጄት አውሮፕላኖች ለመግዛት በወሰነ ጊዜ፣ የልደታው አውሮፕላን ማረፊያ መንደርደሪያ ለእነርሱ አጭር ሆኖ ተገኘ። ስለዚህም በቦሌ አዲስ ማረፊያ ተሠርቶ በ1955 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ከተማው አውሮፕላን ማረፊያውን ተከትሎ ወደ ምሥራቅ ገሠገሠ፤ የግጦሹና የእርሻው መሬት መንገድ፣ ሆቴል፣ የመኖሪያ ሰፈር ሆነ። የልደታው ማረፊያ በበኩሉ የቀድሞ ግብሩን አጥቶ ስሙን ብቻ ለአካባቢው አወረሰ፤ የከተማው ሰው ዛሬም ሰፈሩን «ኦልድ ኤርፖርት» እያለ ይጠራዋል። አንድ ሜዳ ግብሩን ካጣ የሚተርፈው ስሙ ብቻ እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ቦሌ ካደገ በኋላ የመዝናኛ ትርጉምም አብሮ ተለወጠ። ባለፉት ዐሥርት ዓመታት በአካባቢው የተሠሩት ታላላቅ የገበያ ሕንፃዎች፣ በቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ የተከፈተውን ኤድና ሞልን ጨምሮ፣ ሲኒማና የልጆች መጫወቻ መኪናዎችን በጣሪያ ሥር አሰባስበው አቀረቡ። ለብዙ ሕፃናት ደስታን የሰጡ በመሆናቸው ሊነቀፉ አይገባም። ነገር ግን በእነዚህ ስፍራዎች ልጅ የሚጫወተው ወላጁ ቲኬት በቆረጠለት መጠን ነው፤ ጨዋታውን የሚያውቀው መኪናው ነው፤ ልጁ ይቀመጣል፣ መኪናው ያዞረዋል። በጃንሜዳ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ስፍራው ምንም አያቀርብም፤ ጨዋታውን ይዞ የሚመጣው ተጫዋቹ ራሱ ነው።

ጃንሜዳ ከስድስት ኪሎ በስተምሥራቅ የሚገኝ ሰፊ መስክ ሲሆን፣ ስሙ «የጃንሆይ ሜዳ» ከማለት እንደመጣ ይታወቃል። በስሙ የንጉሥ፣ በግብሩ ግን የሕዝብ ነበር። የጦር ሰልፍ ታይቶበታል፤ መኳንንቱና የውጭ አገር ሌጋሲዮኖች ሰዎች ፈረሶቻቸውን አወዳድረውበታል፤ ጉግስና ገና ተጫውተውበታል፤ ታቦታት ወርደው አድረውበታል። በሰገሌ ጦርነት፣ በጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ድል ከሆኑ በኋላ፣ በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ (አባ መላ) የተመራው የሸዋ ጦር በንግሥት ዘውዲቱ ፊት የድል ሰልፉን ያሳየው በዚሁ መስክ ነበር። በአዲስ አበባ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን የተወለደውና ያን ጊዜ የስድስት ዓመት ሕፃን የነበረው ዊልፍሬድ ቴሲጀር፣ ኋላ ስመ ጥር ተጓዥና ጸሐፊ ሆኖ በስተርጅናው ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ፣ የዚያ ቀን ትዕይንት ዕድሜውን ሙሉ ከልቡ እንዳልወጣ መስክሯል። የአንድ ሜዳ ትዕይንት የአንድን ሕፃን የሕይወት መንገድ ለመቅረጽ በቅቶ ነበር ማለት ነው።

የሜዳውን ትርጉም በሚገባ ለመረዳት ጨዋታዎቹን መመርመር ያስፈልጋል። ጉግስ በሁለት ወገን የተሰለፉ ፈረሰኞች የሚጫወቱት ነው። አንዱ ወገን ዘንግ ይዞ ያሳድዳል፤ ሌላው እየጋለበ፣ ዞር እያለ፣ የተወረወረበትን በጋሻው ይመክታል። የጦርነት ልምምድ ቢሆንም፣ ውበቱ በማሳደዱ ብቻ ሳይሆን በመሸሹም ነው፤ በጥበብ የሸሸ ፈረሰኛ በብርታት ካሳደደው እኩል ይመሰገናል። ገና ደግሞ ከጉግስ ይልቅ የእግረኛው፣ የእረኛው፣ የገበሬው ጨዋታ ነው። ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላና ሩር፣ ከዚህ ሌላ ዕቃ አይሻም። የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ይገጥማሉ፤ ወሰኑን ቀድሞ ያሰመረ፣ የተጫዋቹን ቁጥር በመጽሐፍ የወሰነ የለም። በዚያች ቀን ጌታና ሎሌ በአንድ ሩር ላይ ይሻማሉ። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም የሚለው ብሂል የተወለደው ከዚህ ነው። በማዕረግና በደረጃ በተከፋፈለው በዚያ ኅብረተሰብ ውስጥ፣ ሎሌው በጌታው እግር ሥር ዱላውን ሰንዝሮ የማይጠየቅበት ቀንና ስፍራ መኖሩ ቀላል ነገር አልነበረም። ይህ ነፃነት የአንድ ቀን ብቻ ነበር ቢባል እውነት ነው። ቢሆንም ያ ቀን ሜዳ ባይኖረው ኖሮ የትም ሊውል አይችልም ነበር።

ተውኔት የሚያዘጋጅ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ መድረክ ባዶ ካልሆነ ተውኔት አይጀመርም። ተመልካች ወደ አዳራሹ ሲገባ ባዶ ወለል ያያል፤ «ይህ ወለል ያለ ሥራ ተቀምጧል፣ ዕቃ እናስቀምጥበት» የሚል ግን የለም። ጃንሜዳም እንዲሁ መድረክ ነው። ችግሩ ግን የሜዳን ባዶነት እንደ መድረክ ባዶነት የሚያይ ዓይን ብርቅ መሆኑ ነው። በሂሳብ መዝገብ ላይ ሜዳ ገቢ የለውም፤ በካርታ ላይ ነጭ ቦታ ነው። ነጭ ቦታ ደግሞ ቦታ የጠበበውን ሁሉ ይጠራል።

ይህ በ2012 ዓ.ም. በግልጽ ታየ። በዚያ ዓመት በታኅሣሥ ወር የጥምቀት በዓል በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፈረ። ወራት ሳይቆይ የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ገባ። በፒያሳ አካባቢ የነበረው አትክልት ተራ እጅግ የተጨናነቀ በመሆኑ፣ የከተማው አስተዳደር ገበያውን ወደ ጃንሜዳ አዛወረው። እንግዲህ በአንድ የኢትዮጵያ ዓመት ውስጥ በዓሉ በዓለም መዝገብ ከበረ፤ በዓሉ የሚውልበት መስክ ደግሞ የቲማቲምና የሽንኩርት ማራገፊያ ሆነ።

ስለዚህ ጉዳይ ሲነገር ሚዛናዊ መሆን ይገባል። ገበያውን ያዛወረው ወገን ሕይወት ለማዳን ነው ያዛወረው። በዝናብና በጭቃ ውስጥ የዋሉት ነጋዴዎችና ተሸካሚዎችም የዕለት እንጀራቸውን ሲሹ ነው የዋሉት። እንዲያውም ነገሩ የሜዳውን ዋጋ የሚያጎላ ነው፤ በዚያ የጭንቅ ወቅት ከተማው ሰዎችን አራርቆ የሚያስቀምጥበት ስፋት ሲፈልግ ያገኘው፣ ቀደም ያለው ትውልድ ሳይገነባበት ባቆየው መስክ ላይ ነው። ባዶ የተባለው ቦታ ከተማውን አበላ። ችግሩ የመጣው ጊዜያዊ የተባለው ነገር ሥር መስደድ ሲጀምር ነው። መኪናዎች ሣሩን አረሱት፤ የአትክልቱ ውዳቂ ተከማቸ፤ ክረምቱ ሲገባ መስኩ ማጥ ሆነ። ያ ሜዳ ዳግም ለጨዋታ ይበቃ ይሆን ብሎ የተጠራጠረ ብዙ ነበር።

ሜዳውን ያዳነው ማን ነው? ያዳነው አንድ ቀን ነው፤ ጥር 10፣ ከተራ። የ2013 ዓ.ም. ጥምቀት ሲቃረብ ታቦታቱ የሚያድሩበት ስፍራ መመለስ ነበረበት፤ ይህን ቀጠሮ ማዘግየት የሚቻለው አልነበረም። ነጋዴዎቹ ወደ ሃይሌ ጋርመንት አካባቢ ተዛወሩ፤ ወጣቶች አካፋና መጥረጊያ ይዘው ወጡ፤ ውዳቂው ተነሣ፤ በዓሉም በስፍራው ተከበረ። ከዚህ የምንማረው ብዙ ነው። አጥር ሜዳን አላዳነም፤ ታሪካዊነቱን የሚናገር ጽሑፍም አላዳነውም፤ ያዳነው በየዓመቱ በማይለወጥ ቀን ሕዝብ በእግሩ መጥቶ የሚቆምበት ልማድ ነው።

ነገር ግን ጥምቀት የሚጠብቀው ጥምቀትን ነው። ጉግስንና የፈረስ ግልቢያን ማን ይጠብቃቸዋል? ለገናስ ቀኑ ቢኖረውም፣ ቆልማማውን ዱላ መጨበጥ የሚያውቅ ልጅ በከተማው ውስጥ ምን ያህል ቀርቷል? የሜዳውን ስም ለዓለም ካሰሙት አንዱ የጃንሜዳ ዓለም አቀፍ የአገር አቋራጭ ውድድር ነው፤ ብዙ የአገራችን ሯጮች ለዓለም አቀፍ ውድድር የተመረጡት በእርሱ ነው። ይህም የሚያሳየው አሮጌ ሜዳ አዲስ ጨዋታን ማስተናገድ እንደሚችል ነው። ስለዚህ ጃንሜዳ እንዳለ ይደርቅ የሚል የለም፤ ጥያቄው በየጊዜው የሚመጣው አዲስ ነገር ጨዋታ ይሁን ወይስ ግንብ ነው።

የሌሎች አገሮች ታሪክም በዚህ ረገድ ትምህርት ይሰጣል። የቪየናው ፕራተር የነገሥታት አደን መስክ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1766 ንጉሠ ነገሥት ዮሴፍ ዳግማዊ ለሕዝብ ከፈተው፤ ዛሬም የከተማው ሕዝብ መዝናኛ ነው። በአንጻሩ በቶኪዮ እ.ኤ.አ. በ1926 የተከፈተው ቶሺማኤን የተባለው የመጫወቻ ስፍራ፣ ለትውልዶች ልጆችን ሲያስደስት ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2020 ተዘጋ፤ ከስፍራው ከፊሉም ለፊልም ኩባንያ ትርዒት ዋለ። በበርሊን ደግሞ ቴምፕልሆፍ የተባለው አውሮፕላን ማረፊያ እ.ኤ.አ. በ2008 ከተዘጋ በኋላ መስኩ ለሕዝብ ተከፈተ፤ ቤት ይሠራበት የሚል ዕቅድ ሲመጣም የከተማው ነዋሪ እ.ኤ.አ. በ2014 በድምፅ ከለከለ። ውሳኔው ክርክሩን ለዘለዓለም ባይዘጋውም፣ ሜዳው ባለቤት እንዳለው አረጋግጧል። ቤት የሌለው ሰው ብዙ በሆነበት ከተማ ሜዳን ለጨዋታ ማቆየት ቀላል ምርጫ እንዳልሆነም ከዚያው ክርክር መረዳት ይቻላል።

ይህ ምርጫ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በቢሾፍቱ አቅራቢያ ታላቅ አውሮፕላን ማረፊያ እንዲሠራ ተወስኗል፤ አንድ ቀን የቦሌ መስክ ከፊሉ እንኳ ግብሩን ቢለውጥ፣ እንደ ልደታው ስሙን ብቻ ያተርፍ ይሆን? በቦሌ፣ በየካና በለሚ ኩራ በተሠሩት አዳዲስ የጋራ መኖሪያ ሰፈሮች ልጆች ኳሳቸውን በመኪና ማቆሚያው መካከል ያንከባልላሉ። የጃንሜዳ ዕጣ ፈንታ የእነዚህም ልጆች ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም ነባሩን ሜዳ መጠበቅ ያልቻለ ከተማ ለአዲሱ ሰፈር ሜዳ ይከልላል ብሎ ማመን ያስቸግራል።

ታዲያ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ ሜዳው በሕግ «ክፍት የጨዋታና የበዓል ስፍራ» ተብሎ መጠበቅ አለበት፤ በችግር ጊዜ ለሌላ አገልግሎት ቢውል እንኳ የሚመለስበት ቀን አብሮ ይጻፍ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ ሜዳው ቀጠሮ ይብዛለት። መምህራን በገና ሰሞን ተማሪዎቻቸውን ዱላና ሩር አስይዘው ያውጡ፤ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ዳግም ይግጠሙ። የኪነት ሰዎች ትርዒታቸውን ከአዳራሽ አውጥተው በመስኩ ላይ ያሳዩ። የፈረስ ባህላቸውን ጠብቀው የሚኖሩ ወገኖች በዓመት አንድ ቀን ተጋብዘው ይጋልቡበት። የከተማው ባለሥልጣናትም ሜዳ ከማስጌጥ ይልቅ ሜዳን ክፍት ማድረግ ሥራ መሆኑን ይቀበሉ።

ከተራ በጥር ወር አንድን ሜዳ ከጭቃ ማውጣት ከቻለ፣ በዓመቱ ውስጥ ዐሥር እንዲህ ያሉ ቀኖች ያሉት ሜዳ የሚደፍረው አይኖርም። ቀኖቹን መትከል ደግሞ ከግንብ ይልቅ ርካሽ ነው፤ የሚፈልገው ሕዝቡ ቀኑን እንዲያውቅና እንዲወጣ ብቻ ነው።